ጥቁሩ ማህተም

ከለሩን ግዢው ብሎኝ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ባለቤቴ ከሚሠራበት ደጋ ሆኖ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠበት፣ «ትንሽ ጨምረሽ ከለር የሚያትመውን ፕሪንተር ግዢ» አለኝ። እኔ ደግሞ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ በላብ ተጠምቄ ቆሜያለሁ። «ምን ላትምበት ነው? የሰርግ ፎቶ?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ፕሪንተሩን የፈለግኩት እኮ ለእሱ ነው! እሱ ከጨንቻ ወዲያ ባለ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነው፤ እኔ እዚህ አርባ ምንጭ አስተማሪ ነኝ። ልጃችን አምስት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ አባቷን የምታየው በወር አንዴ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱ ሲፈቅድ። ሲመጣ ከቀሚሴ ኋላ ትደበቃለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ገና እጁን መያዝ ትጀምራለች፤ ከሰዓት እሱ ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር እንደገና ከሀ መጀመር ነው። በየዓመቱ ወደ ከተማ እንዲዛወር እናመለክታለን፣ በየዓመቱ አንድ ወረቀት ይጎድለናል።

ኮፒ ቤቶቹ ደግሞ ልቤን አውልቀውታል። አንዱ ጋ ስሄድ መብራት የለም። ሌላው ጋ መብራት አለ፣ ወረቀት አልቋል። ሦስተኛዋ ፍላሼን ሰክታ «ቫይረስ አለበት» ትልና በሽታው የእኔ ይመስል ራቅ ትላለች። አምና ያሳተምኩት ማመልከቻ ፊደሉ በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። አስተካክዬ እስክመለስ ቀኑ አለፈ። ያን ዕለት ነው የራሴን ፕሪንተር እገዛለሁ ብዬ የቆረጥኩት።

ደግሞም በጭፍን አልገዛሁም። ሱቁ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሻጩ ሦስት ዓይነት አሳየኝ፦ በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ርካሽ፣ ቀለም የሚሞላበት ታንክ ያለው ከለር፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያትም ሌዘር።

«ርካሹን ወር ሙሉ ሳላትምበት ብቆይ፣ በዚህ ሙቀት ቀለሙ አይደርቅም?» አልኩት።

ራሱን አከከ። «ይደርቃል» አለ። «ሌዘሩ ግን ዱቄት ነው፣ አይደርቅም።»

«ዱቄቱ ሲያልቅ እዚሁ ይሞላል?»

«እኔ ራሴ እሞላልሻለሁ፣ እህቴ።»

ታንክ ያለው ከለር አቅሜን ያልፋል፤ በዚያ ላይ አልፈልገውም። ሰነድ ጥቁር ነው፣ ደብዳቤ ጥቁር ነው፣ ቀለም ለማን አምሮት? ሌዘሩን ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ ቤት ገባሁ።

ለጥቂት ሳምንታት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን ኮፒ፣ የልጅቷን የልደት ካርድ፣ ማመልከቻውን፣ ሁሉንም አተምኩ። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው! ትምህርት ቤት ወስጄ ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጉራዬን ነዛሁ። «ከለር ግዢ ብሎኝ ነበር እኮ» እያልኩ በባሌ አሳቅኩበት።

ዘንድሮ የቀረን አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፦ ወረዳው ሊለቀው መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ። እሮብ ተፈረመ። የዝውውር ምዝገባው የሚዘጋው አርብ ነው። ደጋውን ዝናብ እየደበደበው መንገዱ ስለተቆረጠ፣ ባሌ ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ወዲያው አተምኩት። ማሽኑን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሴቻ ሰፈር፣ ዝውውር የሚመዘግበው ቢሮ በር ላይ ከማንም በፊት ደረስኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ክፉ አይደለችም። ወረቀቱን አገላበጠች፣ ማህተሙን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ኮፒ ነው። ማህተሙ ጥቁር ነው። ኦሪጅናሉን አምጪ።»

«ኦሪጅናሉ ደጋ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል!»

«እኔ ምን ላድርግሽ?»

ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ ሹክ አለኝ። «ከለር ብታሳትሚው ዝም ብላ ትቀበልሽ ነበር። የእኔም ከቴሌግራም ነው» ብሎ ወይን ጠጅ ማህተም ያለበት ወረቀቱን አሳየኝ። ደሜ ፈላ! የሱም ፎቶ፣ የእኔም ፎቶ፣ የሱ ደብዳቤ ሆነ፣ የእኔ ኮፒ ተባለ። በማን ልናደድ? በሴትዮዋ? በሰውዬው? ይህን ማሽን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ለባሌ ደውዬ አለቀስኩ። «እሺ፣ በቃ አታልቅሺ» አለኝና ስልኩ ተዘጋ።

ሲቀላ ወረድኩ። ከለር የሚያትመው ኮፒ ቤት መብራት ጠፍቶበት ጄኔሬተሩ ማሽኑን አልችል አለ። እስኪመሽ በር ላይ ተገትሬ ጠበቅኩ፣ ምንም። አርብ ጠዋት መብራቱ መጣ፤ ቀዩ ቀለም ደግሞ አልቋል። የኮፒ ቤቱ ልጅ «ልሞክርልሽ» ብሎ ቢያትመው ማህተሙ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ አረፈው። ኧረ ጌታ ሆይ! ልጁ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሌላ ከለር ያለው ቤት ፍለጋ እስከ ቀትር ዞርኩ፤ አንዱም አልተሳካም።

ቤት ገብቼ ከልጄ የስዕል እርሳሶች መካከል ወይን ጠጁን አነሳሁ። ጥቁር ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የእርሳሱን ጫፍ ክቡ ላይ አሳረፍኩት። የመንግሥት ማህተም ልቀባ! ልጆች አትዋሹ እያልኩ የማስተምር ሴትዮ! እርሳሱን ወርውሬ ለባሌ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በሱም ተናደድኩ። ሰው በዚህ ቀን ስልክ ይዘጋል?

አስራ ሁለት ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ። ባሌ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ከንፈሩ ደርቋል። ከሸሚዙ ስር በፌስታል የተጠቀለለውን ኦሪጅናል አወጣ፤ ማህተሙ ወይን ጠጅ፣ አንድ ጠብታ አልነካውም። ሐሙስ ስልኩን እንደዘጋ ተነስቶ፣ የተቆረጠውን መንገድ በእግሩ አልፎ፣ የጭነት መኪና ለምኖ ነው የመጣው። ስልኩ መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሷል። በቀጥታ ቢሮው ሄዶ ነበር፤ ተቆልፏል። በሩ ላይ ምዝገባው ማብቃቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«ማስታወቂያው በምን ቢታተም ጥሩ ነው?» አለኝ። «በጥቁር።»

ሊያስቀኝ ነው። ተቀመጠና ፕሪንተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ፣ «ጥሩ ማሽን ነው» አለ። ምነው በሰደበኝ! ነግሬሽ ነበር ቢለኝ እኮ እመልስለት ነበር። አንድ ዓመት ነው ያቃጠልኩበት።

ልጃችን ከቀሚሴ ኋላ ሆና ስታየው ቆየች። ከዚያ ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣች፣ ቡፌውን ከፈተች፣ እኔና እሷ የማንጠጣበትን ብርጭቆ አወረደች። ውሃ ሞልታ፣ እንዳይፈስባት ቀስ እያለች፣ በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ተባረኪ» አላት ባሌ፣ ጎንበስ ብሎ እየተቀበላት።

እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።