ኪስ የሌለው የወረቀት ካፖርት

ልጅ ሳለሁ፣ በሰው አገር ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ተከራይተን ስንኖር፣ እናቴ ሥራ ስትሄድ እኔን የምትተወው ጎረቤታችን ናይናይ ዘንድ ነበር፤ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የምትጠረጥረውም ናይናይን ነበር። ምን ታድርግ፣ ሌላ ሰው አልነበራትም። ናይናይ ቻይናዊት አሮጊት ናቸው፤ ስሙ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሾርባ ሰጥተው፣ በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው ተረት ያወሩልኛል። ማታ ደግሞ እናቴ ትመረምረኛለች፤ «እኚያ ሴትዮ ምን አበሉሽ? ምን አሉሽ? ሰውን ማመን ቀብሮ ነው!»

አንድ ቀን፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ናይናይ ሙታንም እንደሚበርዳቸው ነገሩኝ። በአገራቸው በዚያ ወር መባቻ ሰው ሁሉ ለሞተበት ዘመድ ልብስ ከወረቀት ቆርጦ ያቃጥላል፤ ጭሱ ያደርስለታል። ልብስ መላክ የረሳች አንዲት እናት ግን፣ ትንሽ እጅ መስኮቷን ሲያንኳኳባት አደረ አሉ። ያኔ ፈርቼ ጉያቸው ውስጥ ተወሸቅኩ። ተረቱን ሲጨርሱ አቁመውኝ ትከሻዬንና ክንዴን በክር ለኩ።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «በኢየሱስ ስም! በክር ለኩሽ? ይሄማ መተት ነው!»

በማግስቱ ከሥራ ቀድማ ወጥታ መጣች። ናይናይና እኔ ከሕንጻው ጀርባ፣ ፍም ካለበት ቆርቆሮ አጠገብ ተቀምጠናል። የእሳቸው ጭን ላይ ሰማያዊ የወረቀት ካፖርት አለ፤ ልክ በእኔ ቁመት። እናቴ እጄን ጎትታ አስነሳችኝ።

«የልጄን ልክ ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ልጄ ስትሞት እሷን ታክል ነበር» አሉ ናይናይ። «ክረምት ነበር፣ ካፖርት አልነበራትም። በየዓመቱ እቆርጥላታለሁ። ዘንድሮ ግን ቁመቷ ጠፋብኝ።»

እናቴ አላመነችም። ካፖርቱን ተቀብላ እያገላበጠች፣ የተደበቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው፣ ውስጡን ሁሉ መረመረችው። ከዚያ እጇ ኪስ በሚሆንበት ጎን ላይ ቆመ።

«ኪስ የለውም እኮ» አለች። «ብርድ ነው፤ እጇን የት ታድርገው?»

ናይናይ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ቀደዱ። እናቴ ካፖርቱን ዘርግታ ያዘችላቸው፣ እሳቸው በሙጫ ለጠፉ። እሳቱ ሲበላው እናቴ ፈቀቅ ብላ ትጸልይ ነበር።

ዛሬም «ያ እሳት ልክ አልነበረም» ትላለች፤ በዚህስ አትደራደርም። የእኔ ልጅ ግን ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች፤ ብርድ ገብቶ ካፖርት ገዛሁላት ባልኩ ቁጥር እናቴ ቀለሙን አትጠይቀኝም። «ኪስ አለው?» ትላለች፣ መልሴን እስክትሰማም ስልኩን አትዘጋም።