ለእናቴ ሰላምታ ያልበቃው ካሴት

ልጅ እያለሁ ብርቱካን አቧራ ስትጠርግ ሳይ እቀና ነበር። ብርቱካን የአክስቴ ልጅ ናት። ራቤል ከተማ አጠገብ ካለው መንደራችን መጥቼ መሐል ሜዳ ከተማ እነሱ ቤት ሆኜ ነበር የምማረው። ቤታቸው ስልክ ነበረው፤ ከስልኩ ጎን ደግሞ ሰው በሌለበት ሲደወል የደዋዩን ድምፅ በካሴት የሚቀዳ ጥቁር መሣሪያ። የአክስቴ ባል ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ሲወገድ ያመጡት ነው።

መሣሪያውን መንከባከብ የብርቱካን ሥራ ነበር። ንፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ አቧራ ሲያስገባ የለበሰውን ዳንቴል ገፍፋ ታራግፋለች። ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክራ የካሴቱ ክር የሚያልፍበትን ብረት ቀስ አድርጋ ታብሳለች፤ ያ ሽታ ዛሬም ጤና ጣቢያ ስገባ እሷን ያስታውሰኛል። ሰማዩ ካጉረመረመ ሮጣ ከሶኬት ትነቅለዋለች። ክሩን ከጎረሰውም ካሴቱን አውጥታ በእስክርቢቶ ትጠቀልለዋለች። «እስቲ እኔ ላዙረው» ስላት፣ «ሂጂ ወዲያ! ያንቺ እጅ የለመደው ገብስ ማሸት ነው» ትለኛለች። ዓይን አፋር ስለነበርኩ እጄን ሰብስቤ ወደ ጥግ እመለሳለሁ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። እናቴ በገበያ ቀን ራቤል መጥታ ከስልክ ቤት ትደውላለች። በዚያ ሰዓት ስልክ የሚያነሱት ትላልቆቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ መሣሪያው ይቀበላታል። ቀድሞ የሚሰማው የተቀዳ የአክስቴ ባል ድምፅ ስለሆነ ሰው ያነሳው ይመስላታል። «እትዬ ወይንሸትስ እንዴት ሰነበቱ?» ብላ ስለ አክስቴ ጠይቃ መልስ ትጠብቃለች። ዝም ሲሏት «እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትልና ትቀጥላለች። «ብርቱካንዬስ? በርትታ ትማራለች?» ከዚያ ጎረቤቱ፣ ላሚቱ፣ ጥጃዋ... ይሄኔ የመቅጃው ደቂቃ አልቆ መሣሪያው ጢጥ ብሎ ይቆርጣታል። አክስቴ ከሥራ ተመልሰው ካሴቱን ሲከፍቱ ብርቱካን በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። «ሰማሽ? እናትሽ የምትወደው እኔን ነው።»

እኔም አመንኳት። የገዛ እናቴ ጥጃ ጠይቃ እኔን ትረሳ ነበር።

ብርቱካን የጠዋት፣ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ነበርን። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ብቻዬን ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ብርቱካን «ካነሳሽው መሣሪያው ይቃጠላል» ብላ አስፈራርታኝ ስለነበር አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። የእናቴ ድምፅ ከመሣሪያው ወጣ። አክስቴን ጠየቀች፤ ብርቱካንን ጠየቀች፤ ጥጃዋ ጋ ስትደርስ የራሱ ጉዳይ፣ ይቃጠል ብዬ መነጋገሪያውን አነሳሁት።

መሣሪያው መቅዳቱን አቆመ። እናቴ ግን አላቆመችም። «ዘንዬስ? ሳሉ ለቀቃት? ሰው ቤት አስቀምጬ ልጄን ላስቀድም ብል ነውር ነው ብዬ እኮ ነው መጨረሻ የማደርጋት። እባካችሁ ፀጉሯን አጥብቃችሁ አትሥሯት፤ ቢያማትም አትናገርም።»

«እማዬ» ልላት ፈለግሁ፤ ግን አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። እሷም ዝምታውን ለምዳዋለችና መርቃን ዘጋች። ካሴቱ ላይ የቀረው የብርቱካን ስም ነው፤ የእኔን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ እናቴ የራሷ ሞባይል አላት። ለእኔ ስትደውል «ዘንዬ፣ ደህና ነሽ? በይ ደህና ዋይ» ብላ ትጨርሳለች። በቀደም ልጠይቃት ሄጄ ደብረ ብርሃን ላለችው ብርቱካን ስትደውል ሰማኋት። ባሏን፣ ልጆቿን፣ አማቷን፣ ሠራተኛዋን ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቀች። ትልቅ ሰው ሆኜም ቅናቱ መጣብኝ፤ ከእኔ ጋር እንዲያ አውርታ አታውቅም። ወሬው ሁሉ አልቆ ልትዘጋ ስትል እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችና «ዘንዬም መጥታልኛለች፣ ይኸው አጠገቤ ናት» አለቻት።