ምልክት የሌለው ዘንግ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ክር ስትጠመጥም ኖራለች። በላባ በተሠራች የውሸት ዝንብ ዓሣ የሚያታልሉ ሰዎች የሚይዙትን ቀጭን ዘንግ ማለት ነው። ከእጇ ከወጣው ግማሹ በቀጥታ ወደ ተራ ሱቅ ይላካል፤ ግማሹ ጎን ወዳለችው ክፍል ገብቶ የወርቅ ቀለም ምልክት ይለጠፍበትና ዋጋው ሰማይ ይነካል። ዘንጉ ያው፣ ክሩ ያው። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሲስቅበት ኖሮ ሳቁም ሰልችቶታል።

ጡረታ ስትወጣ አለቃዋ "ምን እናድርግልሽ?" ቢላት፣ ምልክት ያልተለጠፈበት አንድ ዘንግ ለመነች። ለአንድ ልጇ ነበር። ተምሮ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር የዓሣ አጥማጆች ክበብ አባል ሆኗል። በዕድሜዋ እንደዚያ ዘንግ ተጠንቅቃ የጠመጠመችው የለም።

ዘንጉን በሰጠችው በወሩ ልትጠይቀው ቤቱ ብትሄድ፣ ዘንጉ የኩሽና መጋረጃ ተሸክሞ አገኘችው። ሳሎን ደግሞ የወርቅ ምልክት ያለው ሌላ ዘንግ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጠጋ ብላ የክሩን አጨራረስ አየች፤ የራሷ ቋጠሮ ነው።

"ልጄ፣ ይሄኮ ያው ነው። ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ እማዬ። ስትነግሪኝ አይደል ያደግሁት?"

"ታዲያ?"

"እዚያ ክበብ ዓሣውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? የሚያዩት ምልክቱን ነው። እኔ እስካሁን አንድም ይዤ አላውቅም።"

ባያውቅ ኖሮ ታስረዳው ነበር። አውቆ የተኛ ግን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

በዚህ መሐል ደጅ መኪና ቆመ። ልጁ በመስኮት አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ የክበቡ ሰዎች ናቸው። ሮጦ የሚስቱን ነጭ ጓንት አመጣ።

"እማዬ፣ የፋብሪካው ባለድርሻ ናት ብያቸዋለሁ። እባክሽ ይሄን አድርጊልኝ።"

ጣቶቿን አየቻቸው። የዓመታት ቫርኒሽ ቢጫ አድርጓቸዋል፣ ክር በልቷቸዋል። የወለደችው ልጅ በእጇ ሲያፍር ማየት በሕልሟም አልመጣባት። ቢሆንም እናት ናትና አጠለቀችው።

ሰዎቹ ገብተው ከወገባቸው ዝቅ እያሉ ጨበጧት። ልጇ ከጎኗ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ከተወለደ ጀምሮ በእሷ እንዲህ ሲኮራ አይታው አታውቅም።