የእትዬ ዳሳሽ ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዳንግላ ያለውን ቤታችንን ሊያስቀባ ሠራተኛ ይዞ መጣ። የሚገዛውን ጻፍልን ሲሉኝ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ሰማያዊ ቀለም» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆየሁና «የግድግዳ» የሚል ጨመርኩበት። ልጄ ሳቀብኝ፤ ቀለም መሸጫ ገብቶ ሌላ ምን ሊሰጡት እንደሚችሉ ጠየቀኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ቃሏን ለምን እንደጨመርኳት ግን አልነገርኩትም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ከቆሰበር በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ተመደብኩ። ጠዋት ልጆችን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጎልማሶችን አስተምር ነበር። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ተግ ሲል፣ ገብሱ ቢጫ ቢጫ ሲል፣ ያ አገር ያምራል። ጠዋት ጉሙ ከቀርቀሃው ላይ እስኪነሳ መንገዱ አይታይም። ቁርሴ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ነበር፤ እንደዚያ የጣመኝ ድንች ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ምናልባት ያጣፈጠው ወጣትነቴ ይሆናል።

ሕዝቡ አንድ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በጉልበቱ ሠርቶ ነበር። ግድግዳውን የመረጉት እትዬ ዳሳሽ ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሃምሳን ያለፉ ሴት ነበሩ፤ በዚያ ቀበሌ ጎጆ የሚወጣ ሁሉ ቤቱን የሚያስመርገው በእሳቸው እጅ ነበር። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ሳምንት ሙሉ ያቦኩታል፤ እሳቸው ቦክቷል ካላሉ ማንም አይነካውም። የአፍ መፍቻቸው አገውኛ ስለሆነ በአማርኛ ቁጥብ ነበሩ። ለምረቃው ከአውራጃ እንግዶች እንደሚመጡ ሲሰሙ፣ ከወንዙ ዳር ነጭ አፈር አምጥተው ግድግዳውን እንደሚቀቡት ነገሩኝ። እኔ የተማርኩት ሰው፣ ነጭ አፈር ለጎጆ ነው አልኳቸው። በቀበሌው ሊቀ መንበር ፊትም መንግሥት ቀለም ይልክልናል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የጻፍኩት ደብዳቤ «ሰማያዊ ቀለም ይላክልን» የሚል ብቻ ነበር።

ካርቶኑ በፈረስ ተጭኖ መጣ። ስከፍተው ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረውበታል። የመጻፊያ ቀለም ነበር። በላኩት ሰዎች አልፈርድም፤ ትምህርት ቤት ቀለም ሲጠይቅ ሌላ ምን ይላክለታል? ያኔ ተሳስቻለሁ ብል ሊቀ መንበሩ ስቆብኝ ነገሩ በዚያው ባለቀ። አላልኩም። በሩን ዘግቼ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ለመቀቢያ ከበጠበጥኩት ኖራ ውስጥ ገለበጥኳቸውና ግድግዳውን ቀባሁት።

ግድግዳው እርጥብ ሳለ ለጉድ አማረ። ሰው እየመጣ አየልኝ። በማግስቱ ሲደርቅ ግን ሰማያዊው የለም። ኖራው በልቶት፣ እዚህም እዚያም ቡናማ ነገር ጣል ጣል ያለበት፣ ታጥቦ ያልጠራ ጨርቅ መስሏል። ለምረቃው አራት ቀን ቀርቷል።

ሊቀ መንበሩ ግድግዳውን ምን እንደነካው ጠየቀኝ። እትዬ ዳሳሽ አጠገቡ ቆመዋል።

«ጭቃው በደንብ አልቦካም» አልኩ። «ቀለሙን ያበላሸው እሱ ነው።»

እትዬ ዳሳሽ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። አልተከራከሩኝም። የመንግሥት ቀለም ጠባይ እሳቸው ከየት ያውቁታል? ያንኑ ቀን ሴቶች አሰባስበው ነጩን አፈር በእንቅብ ተሸክመው መጡ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እየደራረቡ ቀቡት። ወተት መሰለ። እንግዶቹ አደነቁ፤ ምስጋናውንም ለመምህሩ ሰጡ። ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዳሳሽ የሰው ቤት መምረግ ተዉ። የእህታቸው ልጅ ጎጆ ስትወጣ እንኳ ሌላ ሴት ይፈለግ አሉ። ጭቃ መቡካቱን መለየት አቅቶኛል ማለታቸውን ሊቀ መንበሩ እያዘነ ነገረኝ። ከሰዓት በኋላ በመሠረተ ትምህርቱ እትዬ ዳሳሽ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ፊደል ሲቆጥሩ፣ ዓይናቸውን ላለማየት ሰሌዳው ላይ ከሚገባው በላይ እጽፍ ነበር።

ግንቦት ላይ ንባብ ገባቸው። ያገኙትን ሁሉ ማንበብ ሆነ ሥራቸው። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀሩና ጠመኔ የማስቀምጥበትን ያንን በፈረስ የመጣ ካርቶን አነሱ። የመጋዘኑ ሰው በእጁ ጽፎ የለጠፈውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«የ... መጻ... ፊያ... ቀ... ለም።»

ደግመው አነበቡት። ከዚያ ግድግዳውን አዩ።

«መምህር፣ ያን ጊዜ የቀባኸው ይኼን ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ጭቃዬ ቦክቶ ነበር» አሉ።

ካርቶኑን ከነበረበት መልሰው ወጡ። ለማንም አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። ሊቀ መንበሩ ቤት ሄዶ ጥፋቱ የኔ ነው ለማለት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነበር፤ አልሄድኩትም። ክረምት ሲገባ ዝውውር ጠይቄ ጫግኒ ወረድኩ። መልሰው መምረግ ይጀምሩ አይጀምሩ አላውቅም፤ ከዚያ አገር የሚመጣ ሰው ባገኝ እንኳ አፍሬ አልጠይቅም።

ቤታችን አሁን ተቀብቶ አልቋል፤ አምሮበታልም ይሉኛል። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። አንዳንዴ ገበያ መሐል ፀጉሩ የሸበተ ሰው ያቆመኝና፣ ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እያለ እጄን ይስማል። ደስ ይለኛል። ያስተማርኳቸው ሁሉ እንዲያነቡ ለፍቻለሁ፤ ምነው ባላነበበች ብዬ የተመኘሁባት አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረችኝ።