ሙሴ ያን ያስተማረኝ ምርቃት

ልጅ ሳለሁ አፌ ዘበኛ አልነበረውም። እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ቤት ታስፈርሳለች» ትል ነበር፤ ምነው ባላለችው፣ ብዙም አልተሳሳተችም።

ቤታችን ሶዶ ከተማ ዳር፣ ወደ ሁምቦ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ አጠገብ ነበር። እናቴ የዚያው የወላይታ ልጅ ስትሆን አባቴ ከጉራጌ አገር የመጣ አናጢ ነው። በርና ኮርቻ ይሠራል፣ የጠመንጃ ሰደፍም ይጠርባል። ሰደፉን የሚያስጠርበው ሙሴ ያን የሚባል የፖላንድ ሰው ነበር፤ ለጦሩ ጠመንጃ የሚያድስ፣ ጢሙ የበቆሎ ፀጉር የመሰለ ረጅም ፈረንጅ። ኢጣሊያ ሶዶ ሲገባ ሌሎቹ ፈረንጆች ሸሹ፤ እሱን ግን ወባ ጥሎት ስለነበር አባቴ በበቅሎ ጭኖ፣ በሣር ሸፍኖ አመጣውና የማድ ቤታችን ቆጥ ላይ ደበቀው። ወዲያው በገበያ መሃል፣ ጠመንጃ አዳሹን የደበቀ ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ይሰቀላል ተብሎ ተለፈፈ። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው።

ሙሴ ያን ቀን ቀን ከቆጡ አይወርድም። ጀምበር ጠልቃ በሩ ሲቀረቀር ግን በመሰላሉ እያሳለ ይወርድና ከፍሙ አጠገብ ይቀመጣል፤ እናቴም ብርሃን በበሩ ስንጥቅ እንዳይወጣ ኩራዟን ከእህል ጎታው ጀርባ ታስቀምጣለች፤ ያኔ በዚያ ጭስ ውስጥ፣ የውሻ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ሁላችንም ጆሯችንን እያቆምን፣ ስለ አገሩ ክረምት ያወራልን ጀመር። ወንዙ ድንጋይ ሆኖ ሰው ይሻገርበታል ይላል። እኔ የማውቀው በረዶ የእንሰት ቅጠል በጣጥሶ ሳይውል የሚሟሟውን ነውና «ውሸታም!» ብዬ ከእናቴ ቁንጥጫ ቀምሻለሁ። በአንድ ተረቱ ደግሞ ያን ወንዝ አንዲት መበለት ዝይዋን አቅፋ ስትሻገር ተኩላ ይከተላታል፤ ሊዘልባት ሲል ሙሴ ያን ተረቱን ያቆማል። «ኢ ጾ ዳሌይ?» ካላልኩት አይቀጥልም፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ የአገሩን አፍ አስለመደኝ። ቦይና የምንለውን ሥራ ሥር ቀቅዬ ሳቀርብለት «ጄንኩዬ» ብሎ ያመሰግናል፣ እኔ «ፕሮሼ»፣ ምንም አይደል፣ እላለሁ፤ ስንለያይ «ዶብራኖትስ»፣ ደህና እደር። በፊት በፊት ቃሉን እያሰብኩ ሳወጣው ጆሮውን ይደፍናል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ «አንተ ልጅ፣ እንደ ዳዊት አትድገም! ቃል ሳታስብ ሲወጣ ነው ያንተ የሚሆን» ይለኛል።

በኛ ቤት ሰው አስነጥሶት «ይማርህ» ሳይባል ከቀረ ነውር ነው፤ ጠላት ቢሆንም እንኳ ይባልለታል፤ እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ሙሴ ያን ይህን አይቶ ደስ አለውና የእነሱን አገር ምርቃት ጨመረልኝ፦ «ናዝድሮቪዬ»፣ ለጤናህ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ተኩላው ሊዘል ሲል፣ እኔም ትንፋሼን ስውጥ፣ አውቆ «ሃፕጪ!» ብሎ ያስነጥሳል። ወዲያው ከመለስኩ ተኩላው ይዘላል፤ ካመነታሁ ተረቱ እዚያው ያድራል። ያኔ ከዚያ ተረት በላይ የምሳሳለት ነገር አልነበረኝምና ምላሴ ከልቤ ቀድሞ መሮጥን ለመደ። አንድ ምሽት «በቃ፣ አሁን ያንተ ሆነ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። አቤት ኩራቴ!

ሳምንትም አልቆየ። ከምሳ በኋላ አባቴ ግቢው ውስጥ የበር ሳንቃ ሲልግ፣ አንድ የኢጣሊያ መኮንን ሁለት ወታደርና አንድ አስተርጓሚ አስከትሎ ገባ። እኔ ማድ ቤቱ ደጃፍ ቆሜያለሁ፤ ሙሴ ያን ከጣሪያው ሥር ወባው ተነስቶበት ይንቀጠቀጣል።

«ጠመንጃ አዳሹ ፈረንጅ የት ገባ?» አለ አስተርጓሚው።

«እሱማ ጌታዬ ከጦሩ ጋር አብሮ ወጣ። ወደ ሲዳሞ ሄደ ሲሉ ሰማሁ» አለ አባቴ መላጊያውን ሳያቆም።

«ካንተ ጋር አይደል የሚሠራው?»

«አዎ፣ ይሠራ ነበር። ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ነው የሄደው።»

መኮንኑ ግቢውን ቃኘ፣ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ከዚያ ባርኔጣውን አጥብቆ ወደ በሩ ዞረ። ተመስገን አልኩ በልቤ። ይሄኔ የእንጨቱ ብናኝ አፍንጫው ገብቶ ኖሮ መኮንኑን አስነጠሰው።

«ናዝድሮቪዬ!» አልኩ።

አልኩ ማለትም አይቻልም፣ ወጣ። የአገሬ ሰው ቢሆን «ይማርህ» እል ነበር፤ እሱ ግን ፈረንጅ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ፈረንጅ ሁሉ አንድ አፍ ያለው ይመስለኝ ነበር። የመላጊያው ድምፅ ቀጥ አለ።

መኮንኑ የኢጣሊያ ያልሆነ የፈረንጅ ቃል መስማቱ ገብቶት ተመልሶ ፊቴ ቁጢጥ አለና ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለ አስተርጓሚው።

«ታማ ሳለች ያከማት ፈረንጅ ሐኪም ነው፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። ድምፁ ግን የሱ አልነበረም።

መኮንኑ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል መሐረብ አወጣ፣ አፍንጫው ላይ አደረገና በውሸት አስነጠሰ። ጥርሴን ነከስኩ። አባቴ ዝም። ከጀርባዬ የቆመችው እናቴም ዝም። እኛ ሦስታችን በቆምንበት ግቢ አንድ «ይማርህ» ጠፋ። አስተርጓሚው የአገር ሰው ነው፤ የሚደብቁት ነገር ባይኖር «ይማርህ» እንደማይቀር ገብቶት ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ መኮንኑም የእሱን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው። ወታደሮቹን በእጁ ጠቀሰ።

መጀመሪያ ትልቁን ቤት ያምሱት ጀመር። ወደ ማድ ቤቱ ሲዞሩ መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሙሴ ያን የአባቴን ጋቢ ደርቦ በራሱ እግር ወጣና ገበያ ላይ እንደተገናኙ ሰዎች «ጄንዶብሪ» አለው ለመኮንኑ፣ ደህና ዋልክ። ከዚያ ጮክ ብሎ በዚያ አማርኛው፣ «እነዚህ ሰዎች አያውቁም። እኔ ሌባ። ትናንት በጓሮ ገባሁ» አለ። አስተርጓሚው ከተባለው አስረዝሞ ተረጎመው። ምን እንደጨመረበት እንጃ፤ ቤታችን አልተቃጠለም። አባቴን ግን አሥር ቀን አስረው፣ ገርፈው፣ እያነከሰ ለቀቁት።

ሙሴ ያንን እጁን የፊጥኝ አስረው በአጠገቤ ሲያሳልፉት ራሱን ነቀነቀልኝ፤ በተረቱ መሃል ፈጥኜ ስመልስለት እንደሚያደርገው። በመኪና ጭነው ወደ ቦዲቲ መንገድ ይዘውት ሄዱ። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም።

ከዚያ በኋላ እናቴም አባቴም አንድ ቀን «አንቺ ነሽ» አላሉኝም። ምነው አንድ ጥፊ ባቀመሱኝ! ዝምታቸው እየበላኝ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። አባቴ አርጅቶ አልጋ ሲይዝ፣ አንድ ማታ እሳት እያነደድኩለት አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ ሙሴ ያንን እኮ እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኩት።

«ምን አንቺ ብቻ» አለ፤ «መኮንኑ ሲያስነጥስ እኔም ያቺኑ ቃል ልለው አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ቀደምሽኝ እንጂ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አባቴ ከሙሴ ያን ጋር አራት ዓመት ሙሉ ሲሠራ አንዲት የፖላንድ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እንደማውቅም እሱ ያውቃል። እግሩን በጋቢ ሸፈንኩለትና ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። ከሙሴ ያን የተማርኩትን ብዙውን ዛሬ ረስቼዋለሁ፤ ያቺን የአባቴን ውሸት ግን መቃብሬ ድረስ ይዣት እወርዳለሁ።