በታላቅ እንጀምር የተባለ ዕለት

ከሞጣ ስልክ ሲደወልልኝ ቢቸና ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። የደወለችው ልጅ የአንድ ኮሌጅ የክብር ዲግሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ናት። አብረውኝ የሠሩ አንድ የቀድሞ ርዕሰ መምህር ለክብር ዲግሪ እንደታጩና እኔም መጥቼ ስለ ሥራቸው እንድመሰክር እንደተፈለገ በትሕትና ነገረችኝ። በምን ሥራ ታጩ ብዬ ጠየቅኋት።

«ከገጠር የሚመጡትን ሴት ተማሪዎች በየሰው ቤት እያስጠጉ ከትምህርት እንዳይቀሩ ያደረጉት እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የለቀምኩትን ምስር ካልተለቀመው ጋር መልሼ ደባልቄው አገኘሁት።

ያ ሥራ የእኔ ነበር። በዚያ ጊዜ ከገጠር ቀበሌዎች ለትምህርት ወደ ቢቸና የሚመጡ ልጃገረዶች በየመጠጥ ቤቱ ጓሮ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራዩ ነበር። ስንቃቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሁለተኛው መንፈቅ ሲገባ ግን ብዙዎቹ አይኖሩም። አንዷ ተድራለች፣ ሌላዋ ማታ ማታ በሯን የሚደበድበውን ሰካራም ፈርታ አገሯ ገብታለች። እኔ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከክፍል ስወጣ ብቻቸውን ወደሚኖሩ ሴቶች ቤት እየሄድኩ ሁለት ሁለት ልጅ እንዲያስጠጉልኝ እለምን ጀመር። መጀመሪያ እሺ ያለችኝ ፈትል እየፈተለች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት እኔ ልቀስቅሳቸው ወይስ ራሳቸው ይነሳሉ? አለችኝ። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰሙ ተማሪዎች በተሰለፉበት አስጠርተው፣ መምህርት ሆነሽ እንደ ደላላ ቤት ለቤት መዞር አታፍሪም ወይ አሉኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። በዓመቱ ከዞን የመጡ እንግዶች ሥራውን ሲያደንቁ ደግሞ እኒሁ ሰው ተነሥተው ስለ «አሠራራችን» ረጅም ንግግር አደረጉ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ አልተነፈስኩም። በአንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ እሳቸው የታላቅ ወንድሜ እኩያ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ ኖሬያለሁ። ጋሼ የሚሉትን ሰው በሰው ፊት ዋሹ አይሉም። ዛሬም እሳቸው እያልኩ የምጽፈው አፌ ስለለመደ ነው እንጂ ስለሚገባቸው አይደለም።

ጸሐፊዋ የአመራረጡን ደንብ በስልክ አስረድታኝ ነበር። ማንም ሰው መጠቆም ይችላል። ኮሚቴው ጥቆማውን ያጣራል፣ ምስክር ይሰማል፣ በሚስጥር ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያ ሴኔቱ ያጸድቃል። ሴኔቱ እስኪያጸድቅ ድረስ ዕጩው መታጨቱን መስማት የለበትም። ይህን የመጨረሻውን ስትነግረኝ ትንሽ ተንፈስ አልኩ፤ ፊት ለፊታቸው አልቀመጥም ማለት ነው።

ያን ሰሞን በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። በሄድኩበት ዕለት መናኸሪያ ቆሜ ተዘግቷል ቢሉኝ ብዬ መመኘቴን አልደብቅም። ሚኒባሱ ግን ሞላና ተነሣ። ሾፌሩ ስልኩን ባነሣ ቁጥር የሁላችንም ወሬ ይቋረጣል፤ ከፊታችን ምን እንዳለ ከድምፁ ለማወቅ እንሞክራለን። እኔ ግን ከመንገዱ ይልቅ የምፈራው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ያን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ በሆዴ ደጋገምኩት። ቀላል ይመስላል። በእኛ ዘንድ ግን ሴት ራሷን እንዲህ ብላ አታነሣም፤ ሌላ ሰው ያነሣላታል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ያንን ሌላ ሰው ስጠብቅ ፀጉሬ ነጣ። አሁንም አፌ ውስጥ ቢቀርብኝስ? እንደ ሌላው ጊዜ ራሴን ነቅንቄ ብመለስስ?

የስብሰባውን ክፍል በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮሚቴውን ከሚመራው የኮሌጁ ዲን ቀጥሎ ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ዲኑ ነገሩን ያስረዳው በኩራት ነው። ሰውን በሌለበት መነጋገር ሐሜት ስለሆነ ዕጩውም ቢገኙ ይሻላል ብሎ ራሱ እንደጠራቸው ተናገረ። ደንቡስ? ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው ጨዋ ሰው ነው፤ የእኛ አገር ጨዋ።

ለምስክርነት የተጠራነው ሦስት ነን። እኔ፣ አብሮን ያስተማረ አንድ የሒሳብ መምህር፣ እና ልጁ ቢቸና የተማረችለት የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ። ነጋዴው ልጁ የአጎቷን ቤት ለቅቃ በእኔ በኩል አንዲት ሴት ዘንድ መጠጋቷን ያውቃል። ያውቃል፤ ግን አስቀድሞ ታላቅ ሰው ከተናገረ በኋላ እሱም አይቃወምም። ማናችንም አንቃወምም።

ዲኑ «እንግዲህ በታላቅ እንጀምር» አለ።

እሳቸው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ያንን አቆላለፍ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ንግግርም አውቀዋለሁ። ከመቀመጫዬ መነሣቴን ያወቅሁት ወንበሩ ሲንኳኳ ነው።

«ታላቅማ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቅ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ቀልድሽ አይለቅሽም። እኔ እኮ ከወንድምሽ ጋር ነው ያደግሁት።»

«እኔ ስልሳ ሞልቶኝ ጡረታ ስወጣ፣ የእርስዎ ገና አልሞላም ነበር። ከእኔ በኋላ ሦስት ዓመት ሠርተዋል። ታዲያ ዛሬ በየት በኩል ቀደሙኝ?»

ዕድሜ ቀንሶ በሥራ ላይ መቆየት በእኛ ዘመን የተለመደ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። እኔም በቦታቸው ልተካ ተራዬ በደረሰበት ጊዜ እሳቸው በድንገት ታናሼ ሲሆኑ ዝም ብዬ ነው የወጣሁት። አሁን በዲኑ ፊት እውነተኛው ዕድሜዬ ይህ ነው ቢሉ፣ ሦስቱን ዓመት በምን አግባብ እንደሠሩ መናገር አለባቸው።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽዬ፣ አንዴ በዕድሜ ካነሱ በኋላ መልሶ ማደጉ ያስቸግራል መሰለኝ» አለ። የሒሳብ መምህሩ ሳቁን በመሐረብ አፈነ።

ዲኑ ግራ ተጋብቶ «ይቀጥሉ፣ እናቴ» አለኝ።

ቀጠልኩ። በመንገድ ያዘጋጀሁትን ሁሉ አልተናገርኩም፤ ድምፄ ቀጥኖብኝ ነበር። ፈታይዋን አነሣሁ፣ ሌሎቹን ቤቶች አነሣሁ፣ በሰልፍ ላይ የተባልኩትን አነሣሁ። ከዚያ ጠረጴዛውን ይዤ ተናገርኩት። «ያን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ።» ተቀመጥኩ። ነጋዴው ቀጠለና ልጁ የተጠጋችበትን ቤት ራሴ እንዳሳየሁት መሰከረ። የሒሳብ መምህሩም እንዲሁ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ተነሡ።

«ታላቄ ተናግረዋል። ምን እጨምራለሁ?» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከመንገዱ የከፋ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ተሳድባለች ብለውኝ ይሆን? ሰውየውን መርጠዋቸው፣ እኔ መሳቂያ ሆኜ ይሆን? ክረምቱ ሊገባ ሲል ጸሐፊዋ ደወለች። የእሳቸው ዕጩነት ቀርቷል። አንድ የኮሚቴ አባል በእሳቸው ቦታ የእኔን ስም አንሥቶ ነበር፤ ነገር ግን በምስክርነት የቀረበ ሰው በዚያው ጉዳይ ዕጩ እንዳይሆን ደንቡ ይከለክላል። ይህኛውን ደንብ አክብረውታል። ዲግሪው በየገጠሩ እየዞሩ ከብት ሲያክሙ ለኖሩ አንድ ሽማግሌ ተሰጠ። ጸሐፊዋ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ስትጀምር ምስር ላይ ነኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደንቡን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እናገር ነበር ወይ? ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም መልስ የምሰጥ አይመስለኝም።

ለምረቃው ሁላችንም ተጠርተን ነበር። የአዳራሹ በር ጠባብ ነው፤ እኔና እሳቸው እኩል ደረስን። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። እሳቸው ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙና ባርኔጣቸውን አነሡ።

«እትዬ፣ ይቅደሙ» አሉኝ፤ ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብለው።

ነጠላዬን አስተካክዬ ቀደምኩ።