ለእናቴ የላክሁት ወረንጦ

ጳጉሜን 1፣ ከባሕር ዳር ወደ ቡሬ

ሚሊኒየሙ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ የምትኖረውን እናቴን ፍኖተ ሰላም ወስጄ ዓይኗን ማሳከም። ይህን ጉዞ ካሰብሁት ሁለት ዓመት አልፎታል። አንዱን ክረምት ለዲግሪዬ ስማር፣ ሌላውን የፈተና ወረቀት ሳርም አሳለፍሁት። መምህር ሰበብ አያጣም።

አከራዬ ወይዘሮ ለተብርሃን አዲግራት ተወልደው ያደጉ ካቶሊክ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። የእናቴን ሕመም የነገርኋቸው ያኔ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። “ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ እየወጋት ነው። የዓይኗን ቆብ በቀዶ ጥገና ያስተካክሉላታል፤ ብዙም አይፈጅ። ዛሬ ነገ ሳትል ውሰዳት” ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ነገ አልሁ።

ዘንድሮ ስሰናበታቸው ከጸሎት መጽሐፋቸው መሐል አንዲት ትንሽ ሥዕል አውጥተው ሰጡኝ። የቅዱስ ሩፋኤል ሥዕል ናት። መልአኩ በትር ይዞ ይራመዳል፤ ከጎኑ ዓሣ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ ከኋላቸው ውሻ አለ።

“መንገደኛ ይጠብቃል፣ ዓይን ያበራል፤ አንተ ሁለቱንም ትፈልጋለህ” አሉኝ።

ሚኒባሱ ሃያ አምስት ብር አስከፈለን። ዱርቤቴ ላይ ጉም ስለነበር መብራት አብርተን በዝግታ አለፍን። ከእንጅባራ ወዲያ ተሳፋሪው ሁሉ የተጠበሰ በቆሎ እሸት ገዝቶ መኪናው ውስጥ ወሬ ጠፋ። ቡሬ ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ጭቃውን ተያያዝሁት። አደይ አበባው ፈክቷል፤ ጤፉ ጉልበት ደርሷል። እኔ ግን ለማየት ልብ አልነበረኝም።

እናቴ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣለች። ብርሃን ይወጋታል። ገና አጥሩን ስሻገር በኮቴዬ አወቀችኝ።

“አካሌ! መጣህልኝ?”

አንገቷ ላይ ከመስቀሏ ጋር ወረንጦዬ ተንጠልጥሏል።

ይህን ወረንጦ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በወረንጦ ይነቀላል። በልጅነቴ እናቴ ፀሐይ ላይ ጭኔን ተንተርሳ ትጋደማለች፤ እኔ አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ የጎረቤት ሴቶች ሳይቀሩ ይመጡልኝ ነበር፤ እኔም እኮራለሁ። ለትምህርት ከቤት ስወጣ ሥራው ለጎረቤታችን ለእትዬ አንጓች ተላለፈ። የእሳቸው ዓይን ደግሞ ከእናቴ ዓይን ብዙም አይሻልም። “ዓይኔን ባሰኝ” የሚል መልእክት በመጣ ቁጥር እኔ የተሻለ ወረንጦ እየገዛሁ እልክ ነበር። የመጨረሻው፣ ሰው ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ፣ ጫፉ የማያንሸራትት ነው። እሱን በላክሁ ጊዜ ውለታ የከፈልሁ መስሎኝ ነበር።

“አገሩ ሁሉ ያንተን ወረንጦ ነው የሚዋሰኝ” አለች እናቴ በኩራት።

ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት

በማግስቱ እንድንሄድ ብለምናትም እንቢ አለች። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው፤ ዓይኗን ሳትታጠብበት ንቅንቅ አትልም። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወሰድኋት። መምሬ አዱኛ የመልአኩን ተአምር ተረኩልን፤ በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ የታነጸችው ቤተ ክርስቲያን ስትናወጥ ሩፋኤል በዘንጉ ወግቶ እንዴት እንዳጸናት። እናቴ ስንቴ እንደሰማችው እንጃ፣ እንደ አዲስ እልል አለች።

ዝናቡ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። መንደርተኛው ሁሉ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አደረገች። ዓይኗን ለመግለጥ ስትታገል፣ ሽፋሽፍቱ እየወጋ ፊቷን ሲያጨማድዳት እያየሁ ትዕግሥቴ አለቀ።

“እምዬ፣ ዝናብ ዓይን አያድንም! ዝም ብለሽ ነው የምትቆዪው!” ብዬ ጮኽሁባት።

አልተቆጣችም። ውሃውን ከፊቷ በመዳፏ ጠረገችና፣ “ዝናቡስ ቀኑን ጠብቆ በየዓመቱ ይመጣልኛል” አለች።

እትዬ አንጓች አንገታቸውን ደፉ። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

ጳጉሜን 5፣ ፍኖተ ሰላም

ሰኞ ከቡሬ በመጀመሪያው መኪና ሄድን። ፍኖተ ሰላም ለሚሊኒየሙ ባንዲራና ባለ ቀለም አምፖል ለብሳለች፤ በየሱቁ ዘፈን ይጮኻል። እናቴ ክንዴን ይዛ፣ “ሠርግ አለ?” ትለኛለች።

የሆስፒታሉ የዓይን ነርስ ትሑት ሰው ነው። ጣቶቹን ዘርግቶ፣ “ስንት ነው እማማ?” አላት።

“እጅህን ዘርግተህ ነው እንዴ፣ የኔ ጌታ?”

ግራውን ሸፈነ፤ ቀኙን ሸፈነ። ግራዋ ጠፍቷል፤ በቀኟ ጥላ ብቻ ይታያታል። ወደ መስኮቱ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ማን ነው ሲነቅልላቸው የኖረው?” አለኝ።

“በፊት እኔ ነበርሁ” አልሁ።

“ወረንጦ ለጥቂት ቀን ያሳርፋል። መልሶ ሲበቅል ግን እንደ እሾህ ነው፤ ተሰብሮ የቀረው ጉጥ ደግሞ የባሰ ይፍቃል። የዓይናቸው ጥቁር ላይ ጠባሳ ጥሏል። አሁን ብንሠራላቸው ሕመሙ ይቀርላቸዋል፤ ያለችው ብርሃንም ትቆይ ይሆናል። የጠፋውን ግን አንመልሰውም።” ወደ እሷ መለስ ብሎ አያትና፣ “ሁለት ዓመት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ቀኙ ይተርፍ ነበር” አለ።

ሁለት ዓመት ያለው እሱ ነው፤ እኔ አልነገርሁትም።

ቀዶ ጥገናው ብዙም አልፈጀ። ሁለቱም ዓይኗ ታሽጎ በአሥራ አምስት ብር የተከራየሁት አልጋ ላይ አሳረፍኋት። ከሰዓት በኋላ የሩፋኤልን ሥዕል እጇ ላይ አኖርሁላት። በጣቷ እየዳሰሰች ምን እንዳለባት ጠየቀችኝ። እኔም ወይዘሮ ለተብርሃን የነገሩኝን ነገርኋት። አንድ ዓይነ ስውር አባት ልጁን ሩቅ አገር ላከ፤ ሩፋኤል ሰው መስሎ መንገዱን መራው፤ ከወንዝ በያዙት ዓሣ ሐሞት ልጁ ተመልሶ የአባቱን ዓይን አበራ።

“የእኛው ሩፋኤል ዓሣው ይተልቃል” አለችና ሣቀች። ቀጥላ፣ “ልጁ ቆየ እንዴ?” አለች።

“ከቀጠሮው ትንሽ አለፈ። አባቱ ቀን ይቆጥር ነበር።”

“እናቱስ?”

“በየቀኑ እየወጣች መንገድ መንገዱን ታይ ነበር።”

ሥዕሏን ደረቷ ላይ አደረገች። ያንቀላፋች መስሎኝ ነበር።

“እሷስ ዓይን ነበራታ” አለች ቀስ ብላ።

ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ለዚያች እናት ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስሁ። ዓይኗ ታሽጎ ስለነበር እንዳላየችኝ አስቤ ተጽናናሁ፤ ቆይቶ ፋሻው ቢፈታም እንደማታየኝ ትዝ አለኝ።

መስከረም 3፣ ወደ ባሕር ዳር

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ “እፎይ፣ እሾሁ ወጣልኝ!” ብላ ነርሱን ጉልበቱን ልትስም ተንበረከከች። ከቡሬ በተዋስሁት በቅሎ ወደ ቤቷ መለስኋት፤ ዘመን መለወጫን አብረን ዋልን። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ደስታዋ ግን ለእኔ ከቁጣ የባሰ ነበር። ስነሣ ወረንጦውን ከነክሩ ከአንገቷ ፈታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

“እንካ አካሌ፣ ለሌላ የታመመ ስጠው። ለእኔ በቃኝ።”

ሥዕሏን ግን አልመለሰችም፤ ራስጌዋ ሰክታታለች።

ወይዘሮ ለተብርሃን በር ላይ ተቀበሉኝ። ሁሉን ነገርኋቸው። “ሕመሙ ከቀረላት እግዚአብሔር ይመስገን” ብለው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ያን የድሮ ምክራቸውን ስላላነሡብኝ አመሰገንኋቸው።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ጥቂት ነው። የታመመ ወላጅ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዕቃ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ። ወረንጦው ለማንም የሚሰጥ አይደለም፤ ከመጻሕፍቴ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ስመለስ ሰዓት ይዤ ነበር። ከቡሬ ባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሁለት ዓመት ያጣሁት ይህን ሰዓት ነው።